የአባሪ ሦስት አርባ አንድ ስልኮች

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ዝናቡ ሊገባ ስድስት ሳምንት ሲቀረው

ለአስቸኳይ ጊዜ የሥነ ምግብ ምላሽ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
በእጅ የቀረበ

ጉዳዩ፦ የዝግጁነት ዕቅዱ ዓርብ ከመፈረሙ በፊት በአባሪ ሦስት በተዘረዘሩት ስልኮች ሁሉ እንዲደወል፣ የመጋዘኑ ቁልፍም ባለቤት እንዲኖረው፣ በእኔ ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያም እንደገና እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች በዚህ ጽሕፈት ቤት የስብሰባ አዳራሽ የጽዳትና የሻይ ሠራተኛ ስሆን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግያለሁ። እርስዎ ወደዚህ ከመጡ ገና ስምንት ወርዎ በመሆኑ የሚያውቁኝ ሁለት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ ሳቀርብልዎት ብቻ ነው። ዛሬ በትሪ ፋንታ ወረቀት ይዤ ስመጣ ግር እንዳይልዎት በመጀመሪያ ማንነቴን፣ ቀጥሎ ጥፋቴን፣ ከዚያም የመሥሪያ ቤቱን ጥፋት በቅደም ተከተል አስረዳለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ረዘም ቢልብዎት ይታገሱኝ። በዚህ አዳራሽ ከዚህ የሚረዝም ንግግር ትሪ ይዤ ቆሜ መስማቴን ግድግዳው ራሱ ይመሰክርልኛል።

2. ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አሁን ስልሳ ሁለት ሆኖኛል። በዚያ ዕድሜ ለምን እንደጀመርኩ ዝቅ ብዬ በቁጥር 7 እገልጻለሁ። እዚህ ላይ ከጻፍኩት ሆድ ይብሰኛል፤ ሆድ የባሰው ሰው የሚጽፈው አቤቱታ ደግሞ እርግማን እንጂ አቤቱታ አይሆንም።

የምማረው ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በጎልማሶች ትምህርት ነው። የተሰጠን መጽሐፍ ላሟ ሣር በላች፣ ልጁ ኳስ መታ ይላል። ስልሳ ሊሞላኝ ዳር ዳር ስል ላም ምን እንደምትበላ የሚነግረኝ መጽሐፍ አላስፈለገኝም። ስለዚህ የማነበው ሌላ ነገር ፈለግሁ። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ መስታወት እንድወለውልበት በየጊዜው አሮጌ ረቂቅ ትሰጠኝ ነበርና ከእነዚያ አንዱን አነሳሁ። የዝግጁነት ዕቅዱ ረቂቅ ስድስት ነበር፤ መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። በአራት ወር ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። በዚያ አራት ወር የአዳራሹ መስታወት ለምን ደበዘዘ ብሎ የጠየቀ ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከእኔ ሌላ ዕቅዱን አንድም ገጽ ሳይዘል ያነበበ ሰው ካለ ግን እጁን ያውጣ።

ዕቅዱ መልካም ዕቅድ ነው። ይህን የምለው ለማሞገስ አይደለም፤ ማሞገስ አልወድም። ጎርፍ ቢመጣ የልጆችን ክንድ በጥብጣብ የሚለካው ማን እንደሆነ፣ ልኬቱ ቀይ ላይ ለወደቀ፣ ረሃብ ክፉኛ ለጎዳው ልጅ አልሚ ወተቱን ከመጋዘን የሚያወጣው ማን እንደሆነ፣ የሚያጓጉዘው ማን እንደሆነ፣ ሦስት ድርጅት አንድ መጠለያ ላይ ተደራርቦ ሌላው መጠለያ ባዶውን እንዳይቀር የሚያየው ማን እንደሆነ በዝርዝር ይናገራል። ማስተባበር የሚባለው ቃል አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጆሮዬ ሲያልፍ ኖሮ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ይህ ሁሉ ማን፣ ማን የሚለው ግን መልሱ ያለው በአንድ ቦታ ነው፤ በአባሪ ሦስት። አባሪ ሦስት አርባ አንድ ተራ ቁጥር ያለው ሰንጠረዥ ነው፤ የሰው ስም፣ የተሰጠው ሥራና ስልኩ ተጽፎበታል።

3. አሁን ወደ ጥፋቴ እገባለሁ። መምህራችን ቁጥር ማንበብ እንድንለማመድ ነግራን ስለነበር በምሳ ሰዓት ከአዳራሹ ጀርባ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ በአባሪ ሦስት ስልኮች ላይ መደወል ጀመርኩ። ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም። ስሙ የተጻፈው ሰው ካነሳ ቁጥሩን በትክክል አንብቤያለሁ ማለት ነው ብዬ ነው። ከዚህ የተሻለ ፈተና ከየት ይመጣል?

ተራ ቁጥር አንድን ስደውል አንድ ዶሮ አርቢ አነሳ። ይቅርታ ጠይቄ ዘጋሁ፤ ስድስቱን ዘጠኝ፣ ዘጠኙን ስድስት አድርጌ አንብቤው ይሆናል ብዬ ደግሜ ደወልኩ። ያው ዶሮ አርቢ አነሳ። ተራ ቁጥር ሁለት የለም ተባለ። ሦስተኛው ዝግ ነው። ከስምንት አምስቱን ስስት ያን ሳምንት ምሳ አልበላ አለኝ። ይህን ያህል ዓመት ደንቆሮ ተብዬ ኖሬ፣ አሁን ተማርኩ ባልኩ ማግሥት ቁጥር እንኳ እንደማላነብ የታወቀ መሰለኝ። ቅዳሜ ዕለት ክፍሉ ሲበተን ወደ ኋላ ቀርቼ ወረቀቱንና ስልኬን ለመምህሯ አሳየኋት፤ ዓይኗን ላለማየት መሬት መሬት እያየሁ ነበር። እሷ የልጄ እኩያ ናት። የደወልኩባቸውን አንድ በአንድ ከወረቀቱ ጋር አመሳከረች፤ ሁለት ጊዜ አመሳከረች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «እናቴ፣ እርስዎ በትክክል ነው ያነበቡት። የተሳሳተው ወረቀቱ ነው።»

ክቡር ኃላፊ፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሰኞ ዕለት በዝማሬ ነው መስታወት የወለወልኩት። ከዚያ በኋላ የደወልኩት ግን ለልምምድ አይደለም፤ እያወቅሁ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ከተራ ቁጥር ዘጠኝ ጀምሮ ይመዝገብልኝ።

4. ለሚያነሳው ሰው ሁሉ ሦስት ጥያቄ አቅርቤያለሁ፦ እርስዎ ማን ነዎት፣ በዕቅዱ ውስጥ ሥራ እንደተሰጥዎት ያውቃሉ፣ ወንዙ ዛሬ ቢሞላ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው? ውጤቱም እንደሚከተለው ነው። ከአርባ አንዱ አሥራ አራቱ ትክክለኛው ሰው አንስቶ ሥራውንም ያውቃል። ዘጠኙ ከናካቴው የሌለ ቁጥር ነው። ስድስቱ በተለያየ ቀን አምስት አምስት ጊዜ ደውዬ ዝግ ነው። አምስቱ የሌላ ሰው ስልክ ሆኗል። አራቱ ሰውየው ራሱ ቢያነሳም ሥራውን ከለቀቀ ቆይቷል። ሦስቱ ደግሞ ስማቸው በዕቅዱ ውስጥ መኖሩን ከእኔ ነው የሰሙት። በኋላም ለፊርማ ከተዘጋጀው ከረቂቅ ዘጠኝ ጋር አስተያይቻለሁ፤ ሌላው ገጽ ብዙ ተሻሽሏል፤ አባሪ ሦስት ግን ከስድስተኛው እስከ ዘጠነኛው ረቂቅ አንድ አኃዝ አልተነካም።

5. ሁሉም መጥፎ ነበር እንዳልል እውነቱን መናገር አለብኝ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሦስተኛውን ጥያቄ ሳልጨርስ መልሱን አምበለበለችው፤ መለኪያው የት እንዳለ፣ የትኞቹ እናቶች በየትኛው መንገድ እንደሚመጡ ሁሉ። ከዚያ ዞራ እናንተስ ተዘጋጅታችኋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በጽሕፈት ቤቱ ስም ምን ልበላት? ሻዩ ዝግጁ ነው አልኳት።

የመጋዘን ጭነት ሾፌር ተብሎ የተጻፈው ሰው አሁን የሙሽራ መኪና ነው የሚነዳው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ተይዟል፣ ከዚያ በኋላ ላለው ግን ለእርስዎ ሲባል አበባውን በነፃ አስራለሁ አለኝ። ሙሽራ የምሆንበት ዘመን እንዳለፈ ነገርኩት። «እትዬ፣ ጎርፉስ ቀጠሮ ይይዛል እንዴ?» አለና ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ግን ከልቡ አዝኖ፣ ከለቀቀ ሦስት ዓመት ቢሆነውም ከተጠራ እንደሚመጣ፣ ብቻ መኪናው ሪባን እንዳለበት ነገረኝ። እኔ ሪባን ባለው መኪና የመጣ ወተት አልጠላም።

ከአምስቱ የሌላ ሰው ስልኮች በአንዱ ላይ አንዲት ሴት አነሳች። የተጻፈው ስም የባሏ ነው፤ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ስልኩን የምትይዘው እሷ ናት። ከመሥሪያ ቤት ከደወሉላት ሰዎች እኔ የመጀመሪያዋ መሆኔን ነገረችኝ። ይቅርታ ጠይቄ ልዘጋ ስል አትዝጊው አለችኝ። ባሏ ማስተባበሪያ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር በደንብ አታውቅም ነበርና ከዕቅዱ ገጽ አርባ ስድስትን በዝግታ አነበብኩላት፤ የእሱ ሥራ ያለው እዚያ ነው። ይህን ሁሉ ይሠራ ነበር? አለች። አዎን አልኳት። አሁን በየሳምንቱ እንደዋወላለን። እሷም ለጎርፉ ጊዜ ሥራ ስጡኝ ትላለች፤ ሰው ማጣት አይደለም የቸገረን ማለቴ ነው።

6. ክቡር ኃላፊ፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ስለ ተራ ቁጥር አሥራ ሁለት ነው፤ ወደዚህ አቤቱታ ያደረሰኝም እሱ ነው። በተራ ቁጥር አሥራ ሁለት ላይ «የአልሚ ምግብ መጋዘን ቁልፍ ያዥ» ይላል። ስደውል ያነሳው ልብስ ሰፊ ነው። ቁጥሩን ካወጣ አምስት ዓመት አልፎታል። ስለ መጋዘን ስጠይቀው አልተገረመም።

«እናቴ፣ ያ ጎርፍ የመጣ ሳምንት አሥራ አንድ ሰው ቁልፍ ጠየቀኝ» አለኝ። «እኔ ያለኝ መርፌና ክር ነው እላለሁ፤ እነሱ ይቆጣሉ። አንዷ ግን አለቀሰች። እሷ እስካሁን ከልቤ አልወጣችም።»

ያለቀሰችውን አውቃታለሁ፤ አጠገቧ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ከአራት ዓመት በፊት ወንዙ የታችኛውን ሰፈር ሲያጥለቀልቅ እኔና ልጄ ከአሥራ አራት ወር ሕፃኗ ጋር ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለን ነበር። የልጄ ልጅ ተቅማጥ ይዟት በሦስተኛው ቀን ክንዷ ሲለካ ጥብጣቡ ቀይ ላይ አረፈ። ለካቿ ወረቀት ጽፋ ራሷ ወደ መጋዘኑ ወሰደችን። በመስኮቱ ፍርግርግ ካርቶኑ ተደርድሮ ይታያል፤ በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው ያለ ደብዳቤ ቁልፍ አይሰበርም አለ፤ ደብዳቤ የሚጽፈው ይኸው የእኛ ጽሕፈት ቤት ደግሞ በጎርፉ ምክንያት ተዘግቶ ነበር። ለካቿ በያዘችው የመጥሪያ ዝርዝር ላይ ያለውን ስልክ እያለቀሰች ደጋግማ ደወለች። በወዲያኛው በኩል ያለው ሰው ቁልፍ የለኝም ይላል።

ያን ሰው አራት ዓመት ሙሉ ረግሜዋለሁ። ወተት ላይ ተኝቶ ሕፃን የሚያስርብ ጨካኝ አድርጌ ነበር የሣልኩት። የረገምኩት ሁሉ ቢደርስበት ኖሮ ዛሬ ስልክ የሚያነሳበት ጣት አይኖረውም ነበር። ለካስ ምስኪኑ ሰው ሱሪ ሲያሳጥር ነው የዋለው። አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ ስለው የእሱ ያልሆነውን ጥፋት ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም እርግማኑን አንድ በአንድ አነሳሁለት፤ የቻልኩትን ያህል ማለቴ ነው፣ ብዙ ነበር። ሊዘጋ ሲል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ቁልፉን ለምን ለእሱ አንሰጠውም፤ እሱ ቢያንስ ስልክ ያነሳል።

7. ቁልፉ የት ነበር ብለው ይጠይቁኛል። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። እውነተኛው ቁልፍ ያዥ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ቁልፉን ለጽሕፈት ቤቱ አስረክቦ ሄዷል። የተረከበው ሰው የት እንደሚያስቀምጠው ስላልነገሩት በሻይ ክፍሉ ውስጥ ከብርጭቆ መደርደሪያው በላይ ባለው ሚስማር ላይ ሰቀለው። ከቁልፉ ጋር ትንሽ ቆርቆሮ ታስሯል፤ በቀይ ቀለም «የአልሚ ምግብ መጋዘን» የሚል ተጽፎበታል። ጎርፉ እስኪመጣ ድረስ ዓመት ሙሉ አቧራውን እየጠረግሁ መልሼ ስሰቅለው ኖሬያለሁ። ለእኔ ቀይ ጭረት ነበር።

ውኃው ጎደል ብሎ በአምስተኛው ቀን ቢሮው ሲከፈት አንድ ሾፌር ስኳር ፍለጋ ሻይ ክፍል ገብቶ አየው፤ አነበበውም። በዚያው ቀን መጋዘኑ ተከፈተ። በኋላ ሥራ ስመለስ፣ ቁልፉ ከአንቺ ብርጭቆ በላይ ተሰቅሎ አይደል እንዴ ብሎ እየሳቀ አጫወተኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን አልሳቅሁም። ዓመት ሳይሞላ ለጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ።

ልጅቷ ዳነች፤ ፈጣሪ ይመስገን። ሰባት ሳምንት ፈጀባት እንጂ ዳነች። ዛሬ አምስት ዓመት አልፏታል፤ የራሷን ሳህን ጨርሳ የእኔን የምታይ፣ ስትሮጥ ጎረቤት የምታስቀይም ሆናለች። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለማስለቀስ አይደለም። የምጽፈው ቁልፉ ዛሬም እዚያው ግድግዳ ላይ ስላለ ነው። የተቀየረው ሚስማሩ ብቻ ነው። በአባሪ ሦስት መሠረት ደግሞ ቁልፉ አሁንም ያለው ልብስ ሰፊው ዘንድ ነው።

8. ጉዳዩን ወደ እርስዎ ከማምጣቴ በፊት ደረጃውን ጠብቄ ለሚመለከተው ክፍል አመልክቻለሁ። ባለፈው ወር በአዳራሹ የዕቅዱ ልምምድ ሲደረግ ሻይ ሳድል አይቼዋለሁ። ጎርፍ መጣ ተብሎ ተነገረ። አንደኛው እጁን በጆሮው ላይ አድርጎ ሃሎ፣ የመጋዘን ያዥ ነዎት ወይ አለ። ከጎኑ የተቀመጠው ብስኩት እያኘከ አቤት አለው። መጋዘኑ ተከፈተ ተብሎ በሰሌዳው ላይ በአረንጓዴ ምልክት ተደረገበት፤ ሁሉም አጨበጨበ። እኔም በአንድ እጄ ትሪ ስለያዝኩ ነው እንጂ ባጨበጭብ ደስ ባለኝ። ጎርፉ በመጣ ቀን የመጋዘን ያዡ አጠገባችሁ ተቀምጦ ብስኩት እየበላ የሚገኝ ከሆነ አቤቱታዬን ዛሬውኑ አነሳለሁ።

ልምምዱ ሲያልቅ የዕቅድ ባለሙያውን አነጋገርኩት። ሠራተኛው ሁሉ ሰንጠረዥ እያለ የሚጠራው ነው፤ የምሳ ተራውን ሳይቀር በሰንጠረዥ ስለሚያወጣ። ቅን ልጅ ነው፤ ብርጭቆውን ራሱ የሚመልስ እሱ ብቻ ነው። ያገኘሁትን ስነግረው «እትዬ፣ እሱ እኮ አባሪ ነው» አለኝ፤ ዋናው ሰነድ ተገምግሟል፣ አባሪው በየጊዜው ይታደሳል ሲል አረጋጋኝ። ማን ያድሰዋል ብዬ ጠየቅሁ። ገጹን ገልጦ አሳየኝ፤ የሚያድሱት «የሚመለከታቸው አካላት» ናቸው ይላል።

«የሚመለከታቸው አካላት ስልካቸው ስንት ነው?» አልኩት።

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ገጹን መልሶ አየው። ከዚያ ወዲህ ሻዩን ሳቀርብለት ዓይኔን አያየኝም፤ ዝርዝሩን ግን አልነካውም፤ ከበላይ ካልታዘዘ ረቂቅ ዘጠኝን መክፈት አይችልምና።

9. ማስጠንቀቂያው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ስማቸው በዕቅዱ መኖሩን ካላወቁት ሦስት ሰዎች አንዱ በሌላ መሥሪያ ቤት ትልቅ ባለሥልጣን ናቸው፤ ተራ ቁጥር ሃያ ሁለት። ወንዙ ዛሬ ቢሞላ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው ብዬ ስጠይቃቸው ይህ እኔን ምን አገባው አሉ። በዕቅዱ መሠረት የመጠጥ ውኃ ጫኝ መኪናውን የሚያዝዙት እርስዎ ነዎት አልኳቸው። ማን ነሽ አንቺ አሉኝ። የሻይ ሠራተኛ ነኝ አልኩ። መዋሸት ነበረብኝ እንዴ? በማግሥቱ ክስ መጣ።

የአስተዳደር ክፍል ኃላፊው አስጠርተው ወንበር ሰጡኝ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። እማማ፣ አይጨነቁ፣ እኔ አነብልዎታለሁ ብለው ደብዳቤውን አነበቡልኝ። ከሥራ ድርሻዋ ውጭ፣ ያለ ፈቃድ፣ የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ተጠቅማ፣ ኃላፊዎችን ጨምሮ ለአርባ አንድ ሰዎች ደወለች ይላል። ሁለተኛ ከተገኘሁ ከሥራ እንደምሰናበት ይላል። እዚያ ላይ ደብዳቤውን አጥፈው የጣት አሻራ ቀለሙን አስጠጉልኝ። ብዕር ይስጡኝ አልኳቸው። ከመፈረሜ በፊት ወረቀቱን ገልጬ እስከ ታች አነበብኩ። ከታች አንዲት አንቀጽ አለች፦ ሠራተኛዋ ቅሬታ ካላት በአሥር ቀን ውስጥ ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በጽሑፍ ማቅረብ ትችላለች። እሷን ለምን እንደዘለሏት አላውቅም፤ ጉሮሯቸው ደርቆ ይሆናል። ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው።

10. በመሆኑም ከላይ በዘረዘርኳቸው ምክንያቶች የሚከተሉት እንዲፈጸሙልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ሀ) ዕቅዱ ዓርብ ከመፈረሙ በፊት በአባሪ ሦስት ባሉት አርባ አንድ ስልኮች በሙሉ በእውነተኛ ስልክ እንዲደወል። በጆሮ ላይ በተደረገ እጅ እንዳይሆን። ፈራሚዎቹ ሁሉ በአዳራሹ ተቀምጠው ድምፁን ከፍ አድርገው ይስሙት። ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ሻዩን እኔ አቀርባለሁ።

ለ) የመጋዘኑ ቁልፍ ከሻይ ክፍል ወጥቶ በሦስት ቅጂ ለሦስት ሰዎች እንዲሰጥ፤ ሦስቱም በእግራቸው መጋዘኑ ድረስ መድረስ የሚችሉ ይሁኑ። ወንዝ ሲሞላ መኪና አይደርስም። አንዱ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ብትሆን ይመረጣል፤ ከመጋዘኑ ጎን ነው የምትኖረው። ልብስ ሰፊውን እንዳልጠቁም ቤቱ ሩቅ ነው።

ሐ) ስልኮቹ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ እንዲፈተሹ፤ ፈታሹም «የሚመለከታቸው አካላት» በመባል ፋንታ አንድ ስም ያለው ሰው እንዲሆን። ሌላ ፈቃደኛ ካልተገኘ እኔ አለሁ። ማዕረግም ክፍልም አልጠይቅም፤ የመጥሪያ ዝርዝሩ በየወሩ ከታደሰ ቅጂው ይበቃኛል።

መ) በእኔ ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ እንዲነሳልኝ። መነሳት የማይችል ከሆነም እንዲሟላልኝ። «ያለ ፈቃድ ለአርባ አንድ ሰዎች ደወለች» ይላል፤ ከሥሩ «ሃያ ሰባቱን በሥራቸው ላይ አላገኘቻቸውም» የሚል ይጨመርበትና በማኅደሬ ይቀመጥ። ግማሽ እውነት በማኅደሬ እንዲቀመጥ አልፈቅድም።

11. እንደማስቸግርዎት አውቃለሁ። የዓርቡ ፊርማ ቀን ተቆርጦ እንግዶች ተጠርተዋል፤ የአዳራሹን መጋረጃ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ግን ከጅቡ በፊት መጮኽ የሚችል ሰው በዚህ ሕንፃ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። እኔ ኃይለኛ ሴት ነሽ እባላለሁ፤ ልጄም ትለኛለች። ይሁን። ያ አምስተኛ ቀን ለሌላ እናት እንዳይደርስ ከሆነ ኃይለኛ መባሉ አያንሰኝም። የምጠይቀው ሰማይ ዝቅ ምድር ከፍ ይበል አይደለም፤ አርባ አንድ ጊዜ ሃሎ ማለት ነው።

ውሳኔዎን ከመስጠትዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩልኝ። ከፊርማዬ በታች ባለው ቁጥር ይደውሉ። ቀጠሮ አይስጡኝ፤ ድንገት ይሁን። እጄ በሳሙና ውስጥ ሆኖም ይሁን ትሪ ይዤ፣ አምስት ጊዜ እስኪጠራ ካላነሳሁት አቤቱታዬ ውድቅ ይሁን፤ ማስጠንቀቂያውም ይጽና።

ካነሳሁት ግን፣ ክቡር ኃላፊ፣ ስልኩን አያስቀምጡት። ቀጥለው ለተራ ቁጥር አንድ ይደውሉ።

ከማይጎድል አክብሮትና ከመልካም ምኞት ሰላምታ ጋር

አመልካች፣ የስብሰባ አዳራሽ የጽዳትና የሻይ ሠራተኛ
ፊርማ፦ በራሴ እጅ
አባሪ፦ የአርባ አንዱ ስልኮች ውጤት፣ ሦስት ገጽ
ስልክ፦ በወረቀቱ ጀርባ በትልቁ ተጽፏል፤ ከመጻፌ በፊት በሌላ ስልክ ደውዬበታለሁ፤ ይጠራል።